ቤት የሚታከም፣ ቤት የማይታከም፦ የባሕር ዳር ቤተሰብ የመድኃኒት ሒሳብ

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው የከተማዋን ሕመም አንድ በአንድ ይሰማል። «ዶክተር፣ ለወገብ የሚሆን ነገር»፤ «ለአሜባ ስጠኝ እስኪ»፤ «ያን ቀይና ቢጫውን ካፕሱል፣ አራት ፍሬ ብቻ»፤ «ለልጅ ሳል፣ ጠንከር ያለውን»። ብዙዎቹ ማዘዣ ወረቀት አልያዙም። የያዙት ባዶ የመድኃኒት ልጣጭ ወይም በስልክ የተነሳ የካርቶን ፎቶ ነው።

ይህን አይቶ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ማለት ቀላል ነው፤ በየስብሰባውም ይባላል። መስኮቱ ላይ የቆመው ሰው ግን ሒሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው። ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ልሂድ ካለ ጠዋት ተሰልፎ ካርድ ያወጣል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ላብራቶሪ ይላካል፣ «ውጤት ከሰዓት በኋላ» ይባላል። የቀኑ ገቢ በዚያው ሄደ። ከዚያ «ይሄ እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ ዞሮ ዞሮ እዚያው መድኃኒት ቤት ይመለሳል። መጨረሻው እዚህ ከሆነ ለምን ከመጀመሪያው አልመጣም ማለቱ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ባለበት ግጭት መንገድ ሲዘጋና ባጃጅ ሲቆም ደግሞ ቅርብ ያለው መድኃኒት ቤት ብቸኛው በር የሚሆንበት ቀን አለ። ለጣና ዳር ቀበሌዎች፣ ለዘጌም ሆነ ለደሴቶቹ ነዋሪ፣ ይህ ከግጭቱ በፊትም የነበረ ነገር ነው።

ራስን ማከም በራሱ ነውር የለውም። ጉንፋን፣ ቀላል ተቅማጥና ራስ ምታት የትም አገር ቤት ውስጥ ነው የሚታከሙት። ጉዳቱ የሚመጣው ቦታው ሲገለባበጥ ነው። በትንሽ ወጪ ቤት ውስጥ በደንብ ሊታከም የሚችለው በተሳሳተ መጠን ወይም በማያስፈልግ ካፕሱል ይታከማል፤ ያለ ምርመራ ሊታወቅ የማይችለው ደግሞ በግምት ቤት ይቀራል። ገንዘቡም፣ ጤናውም የሚባክነው እዚህ መገለባበጥ ውስጥ ነው።

ግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ

የልጅ ተቅማጥን እንውሰድ። ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚሟሟው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ርካሽ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱና በየጤና ኬላው አለ፣ ሕይወትም ያድናል። አንዱ ከረጢት የተለካው ለ1 ሊትር ውሃ ነው። ቤት ያለው ዕቃ ግን ሃይላንድ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሊትሩ። እናቲቱ ከረጢቱን ቀድዳ ትጨምረዋለች፣ ትበጠብጠዋለች፣ ይሟሟል፣ ደህና ይመስላል። እጥፍ የወፈረ ጨውና ስኳር ግን ውሃን ወደ ሰውነት ማስገባቱ ቀርቶ ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ በላይ ይጨምራል። የልጁ ጥም ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይነጫነጫል። እናቲቱም «አልተስማማውም» ብላ ታቆመዋለች፤ በማግስቱ ካፕሱል ፍለጋ ይወጣል። ኦአርኤሱ ያልሠራው ውሃው ስላነሰ ብቻ ነበር።

ከረጢቱን በዓይን ለሁለት መክፈልም አያዋጣም፤ ጨውና ስኳሩ እኩል ተደባልቆ ላይቀመጥ ይችላል። ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ድስት ውስጥ መገልበጥ፣ ከረጢቱን እንዳለ እዚያ ማሟሟት፣ መልሶ በሁለቱ መቅዳት ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማየት ያስፈልጋል፤ 600 ሚሊ ሊትር የሚይዝም አለና። ቤት ያለው የቢራ ጠርሙስ ከሆነ፣ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ሦስት ሙሉ ይበቃል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ በተቀመጠ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በግምት አንድ የቡና ሲኒ፤ ከዚያ በላይ ላለው እጥፉ። በማንኪያ በማንኪያ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ እያሉ መቀጠል እንጂ ማቆም የለም። ጡትም አይቋረጥም።

ከረጢት ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ያልተቆለለ፣ ልሙጥ ይሁን። ጨውን ከማብዛት ማሳነስ ይሻላል።

ከኦአርኤሱ ጋር አብሮ የሚሰጠው ዚንክ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት 20 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በታች ግማሹ፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀኑ ይሞላል። ቀጣዩን ተቅማጥ የሚያስታግሰው ይኸው የማይታየው ሥራው ነው። ተቅማጥ አስቁም የሚባለው ሎፔራማይድ ግን ለሕፃን አይሰጥም፤ አንጀቱን ያስራል እንጂ ውሃውን አይመልስም።

ውሃው ከሐይቁ ወይም ከጉድጓድ ከሆነ መፍላት ወይም መታከም አለበት። ውሃ አጋር ያለው ቤት ለ20 ሊትር ጄሪካን አንድ ክዳን ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የደፈረሰ ከሆነ በመጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

ይህን ሁሉ ቤት መሥራት ይቻላል። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘና ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከተንቀጠቀጠ ግን የቤቱ ሥራ አብቅቷል፤ ባጃጅ የሚጠራው ያን ጊዜ ነው።

ትኩሳት ሁሉ ወባ፣ ወባ ሁሉ ኮአርተም

ጣና ዳር ትኩሳት ማለት ወባ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በኢትዮጵያ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት በአብዛኛው ወባማ ነው። በሰሜን ዳርቻ ያለው የደምቢያ ሜዳ ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈ ወረርሽኝ አይቷል። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የተነሳው ደግሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ያለፈ ታሪክም አይደለም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት በኢትዮጵያ መዝግቧል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያተኮሰው ሰው ወባን ቢጠረጥር ትክክል ነው። የሚሳሳተው ከጥርጣሬው ቀጥሎ የሚያደርገው ላይ ነው።

እዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት ወባ አለ፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ከውጭ አይለዩም፤ ብርዱም፣ ላቡም፣ ራስ ምታቱም አንድ ነው። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም ነው። ቫይቫክስ በክሎሮኪን ይታከማል፤ ነገር ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛልና፣ እሱን ለማጥፋት ፕሪማኪን ለ14 ቀን ይጨመራል። «ወባዬ ተነሳብኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ትንኝ አልነከሰውም፤ ጉበቱ ውስጥ የቀረው ነው የወጣው። ፕሪማኪን ደግሞ በተፈጥሮ አንድ ዓይነት ኢንዛይም የሚጎድላቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ሊሰባብር ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ አይደለም።

ምርመራው ከጣት ጠብታ ደም ነው፤ ፈጣን መመርመሪያው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በጤና ኬላም ይሠራል። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። በገንዘብ ቢሰላ እንኳ ለወባ መድኃኒት ቤት መሄድ ኪሳራ ነው።

ኮአርተሙን በምርመራ ያገኘ ሰውም ቤት ውስጥ ያበላሸዋል። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በሦስት ቀን 6 ጊዜ፣ በጠቅላላው 24 ፍሬ ይወስዳል። ጠዋት 2 ሰዓት የጀመረ ሁለተኛውን በዚያው ቀን 10 ሰዓት ይውጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው፤ 8 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ሲገባው «ማታ» ብሎ ያሳልፈዋል። በባዶ ሆድ መዋጥም ትልቅ ስህተት ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነውና። ወተት ይመከራል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ግን የወባው ወቅት ገና አላለቀም፤ የሚጾም ሕመምተኛ ወተቱን ትቶ በጥቁር ሻይ ይውጠዋል። ዘይት ያለበት ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ኦቾሎኒ ሥራውን ይሠራሉ፤ መድኃኒት ሰጪው ይህን ቢናገር ጾሙም መድኃኒቱም ይጠበቃል። በዋጠ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያስመለሰው ያንኑ መጠን እንደገና ይወስዳል።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ሰውየው ሥራ ይገባል፣ 8 ፍሬ ለክፉ ቀን ተብሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከወር በኋላ 20 ኪሎ የሚመዝነው ልጁ ሲታመም እነዚያ 8ቱ ይወጣሉ። የልጁ ሙሉ መጠን ግን 2 ፍሬ 6 ጊዜ፣ 12 ነው። ስለዚህ አባትም ልጅም ሁለቱም ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ጥገኛ ተውሳኩ በሁለቱም ውስጥ መድኃኒቱን ቀመሰው፣ አልሞተም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአርቴሚሲኒን (የኮአርተም መድኃኒት ወገን) መቋቋም ምልክት የሆነ የዘር ለውጥ በወባ ተውሳክ ላይ መገኘቱን ለሚያውቅ ሰው፣ ሳጥን ውስጥ ያሉት 8 ፍሬዎች የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደሉም።

ወባ ያልሆነው ትኩሳት ደግሞ ሌላ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በጣና ምሥራቅ ባለው ሊቦ ከምከም የተነሳው ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ከመተማና ከሁመራ የሰሊጥ ሥራ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያተኩሰው፣ ግራ ጎኑ ያበጠና የከሳ ሰው ሦስተኛ ዙር ኮአርተም ሳይሆን የካላዛር ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

«አሜባ ነው» ሲባል

በሐይቁ ዳር ደም የቀላቀለ ሰገራ ስሙ አንድ ነው፦ አሜባ። መድኃኒቱም አንድ፦ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል። ታንኳ የሚቀዝፍ፣ መረብ የሚጎትት፣ ደንገል የሚያጭድ፣ ፎገራ ላይ የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚቆም ሰው ግን ከሌላው በተለየ ለቢልሃርዚያ የተጋለጠ ነው። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ እግር በኩል ቆዳን በስቶ ይገባል። ሜትሮኒዳዞል አይነካውም፤ የሆድ ትል ተብለው የሚሰጡት አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞልም አይነኩትም። የሚነካው ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ተሰልቶ በአንድ ቀን የሚወሰድ። ሰገራ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ይለያል። በየሦስት ወሩ የአሜባ መድኃኒት የሚገዛ ዓሣ አጥማጅ ለዓመታት የተሳሳተ በሽታ ሲያክም ቆይቶ ጉበቱ ሊጎዳ፣ ሆዱ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ያወጣው ገንዘብ ቢደመር ምርመራውን ደጋግሞ ያስደርገው ነበር።

በነገራችን ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. ያስተዋሉት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ናቸው፤ አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው። የሚገድለው በውሃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው። ሰው ውስጥ የገባውን በሽታ ለማዳን ቢጠጣ መርዝ ነው።

ታይፎይድና ታይፈስም የዚሁ ወገን ናቸው። በአንድ ጊዜ የደም ጠብታ «ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ» ተብሎ ታይፎይድ ነህ ማለት እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ቀድሞ በታመመ ሰው ላይም፣ በሌላ ትኩሳትም ይወጣል። ሆኖም በዚያች ወረቀት ሲፕሮ የተባለው ፀረ ባክቴሪያ የሚዋጥበት ጊዜ ስፍር ቁጥር የለውም። ሲፕሮ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳን በከፊል ያስታግሳል፤ ሳሉ ይቀንሳል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ ቤተሰቡ ይጋባል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ ነው የሚመረመረው፤ ምርመራውም ሕክምናውም ነፃ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞተ ተገምቷል። አራት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ ሲሻለው የሚያቆመው ሰው የዚህ አካል መሆኑን የሚነግረው የለም። በቀለም የሚገዛውም እንዲሁ፤ ቀይና ቢጫ ካፕሱል አንድ መድኃኒት አይደለም፣ ብዙ ናቸው።

የልጅ ሳል ላይ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው የተሻለ መሣሪያ አለው። ልጁ ጸጥ ሲል ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆጠራል፦ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ከዚህ በታች ሆኖ የሚጠጣና የሚጫወት ልጅ ካፕሱልም ሽሮፕም አያስፈልገውም። ዳማከሴው፣ ሻይ በማሩ ይበቃዋል፤ ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

ለወገብ የሚወሰደው ዲክሎፌናክ ባዶ ሆድ ላይ ተዋጠ፣ ጨጓራ ተነሳ፣ ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ተገዛ፤ ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ አብረው ይኖራሉ። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላል። ለዓይን ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ያለበት ጠብታ በራስ መግዛትም የዓይን ብርሃንን ሊያሳጣ የሚችል ዕዳ ነው።

እድርና መድን

የቤቱ ወጪ ቅደም ተከተል ይታወቃል፦ ቤት ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ የልጆች ትምህርት፣ እቁብ፣ እድር። እድር የማይከፍል ቤት የለም፤ ቀብር ይጎድላልና። እድር ግን የሚከፍለው ሲሞት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በሙከራ በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚከፍለው ሲታመም ነው፤ ያም ሆኖ እድሳቱ የሚረሳው እሱ ነው። የማያድሰው ሰውም ምክንያት አለው፦ «መድን ይዤ ሄጄ መድኃኒት የለም ተባልኩ»። ይህ ቅሬታ እውነት እስከሆነ ድረስ የግንዛቤ ትምህርት ብቻውን አያድነውም፤ የጤና ጣቢያው መጋዘን መሙላት አለበት። ቤተሰቡም በበኩሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን መድኑ በሙሉ ላይሸፍንለት ይችላል። እድሳቱ ከመኸር በኋላ፣ እጅ ላይ ጥሬ ብር ባለበት ጊዜ ቢደረግ ይቀላል። እድሩ ከአባላቱ የወር መዋጮ ጥቂት ለይቶ በእድሳት ጊዜ በጋራ ቢከፍል ደግሞ አንድም ቤት አይቀርም፤ ገንዘብ ያዥና መዝገብ ያለው፣ ሰው የሚያምነው ማኅበር እሱ ነው።

ጸበልም የዚህ ቅደም ተከተል አካል ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጸበሉና የኤችአይቪ መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል።

ሳጥኑ ውስጥ

ቤት ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው ትንሽ ነው፦ ሦስት ከረጢት ኦአርኤስ፣ አንድ ልጣጭ ዚንክ፣ ፓራሲታሞል፣ ቴርሞሜትር፣ ንጹሕ ፋሻ፣ ሳሙና፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የመድኃኒት ማንኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ። የቤት ማንኪያ አያስተማምንም፤ አንዱ የሻይ ማንኪያ 3፣ ሌላው 7 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ይችላል፤ ሽሮፑ የተሰላው በ5 ነው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬ አይበልጥም፤ ለልጅ በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። የጉንፋን ተብለው የሚሸጡት ቅልቅል መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርቦ የዋጠ ሰው ሳያውቅ ጉበቱን ይጎዳል። ለልጅ በዱቄት የሚሰጠው አሞክሳሲሊን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት፣ አያልፍም። የተረፈው ለታናሹ አይቀመጥም።

ሳጥኑ ከምድጃውና ከመስኮቱ ይራቅ፣ ከልጅ ቁመት በላይ ይሰቀል።

መድኃኒት ቤት ልጣጩን በመቀስ ቆርጦ ሲሸጥ የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ጠርዝ አብሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ ገዢው የሚያገኘው ስም የለሽ ብልጭልጭ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ጠርዙ ያለበት በኩል ይቆረጥልኝ፤ ሁለተኛ፣ የወረቀት ከረጢቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ስንት ፍሬና በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ይጻፍልኝ። «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለውም በሰዓት ይጻፍ፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። ከሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ ባሰ ብሎ ጤና ጣቢያ ለሚሄድ ሰው ያ ከረጢት ካርድ ነው፤ ሐኪሙ የተዋጠውን አውቆ ከዚያ ይቀጥላል።